ሙያ በልብ ብቻ አይቅር

(በማኅበራችን የግማሽ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብና ቁጥጥር ንዑስ ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን በሥራ ላይ የምንማረውን ነገር ጽፎ ስለማስቀመጥ ነው። ሲሰሙት ቢሮ የሚውሉትን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታቀርበውን እህታችንን፣ ከጣና ዳር ዓሣ ተረክባ የምትሸጠውን፣ ልብስ የምትሰፋውን፣ ፋብሪካ በፈረቃ የምትገባውንም እኩል ይመለከታል። ሁላችንም በየቀኑ አንድ ነገር እንማራለን። ጥያቄው የተማርነው የት ነው ያለው የሚለው ነው።

ነገሩን ያነሳነው ባለፈው ዓመት የገጠመንን መነሻ አድርገን ነው። የብድር መዝገባችንን ለዓመታት የያዘችው እህታችን የወሊድ ፈቃድ ወጣችና ሌላ እህት ተተካች። ሁለቱም ጠንቃቃ፣ ሁለቱም ታማኝ ናቸው። በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ስለ ወለድ የተጻፈው «በወር 1 በመቶ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። የመጀመሪያዋ እህት ይህን 1 በመቶ የምታሰላው ተበዳሪዋ ገና ባልከፈለችው ቀሪ ዕዳ ላይ ነው። ተተኪዋ ደግሞ በመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ አሰላችው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። አንዲት አባል 12,000 ብር ተበድራ በ12 ወር ትመልሳለች እንበል። በየወሩ ከዋናው 1,000 ብር ትከፍላለች። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ በመጀመሪያው ወር 120 ብር፣ በሁለተኛው 110፣ በሦስተኛው 100 እያለ ይወርድና በመጨረሻው ወር 10 ብር ይሆናል። ሲደመር 780 ብር ነው። በመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ ግን በየወሩ ያው 120 ብር ነው፤ በዓመቱ 1,440 ብር ይደርሳል። በአንድ ዓይነት ብድር ላይ የ660 ብር ልዩነት መጣ ማለት ነው።

እናም አንዲት አባላችን ጎረቤቷ የከፈለችውን ከራሷ ጋር አስተያየች። ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀበሌውን አዳረሰ፤ «ኮሚቴው ብር በላ» ተባለ። ቁጠባችንን አውጥተን እንሄዳለን ያሉም ነበሩ። መዝገቡን እንድንመረምር ለንዑስ ኮሚቴያችን ተሰጠ። ደረሰኙን ከመዝገቡ፣ መዝገቡን ከባንክ ደብተሩ አመሳከርን። አንድም ሳንቲም አልጎደለም። የጎደለው ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነበር። የቀድሞዋ መዝገብ ያዥ ያንን ገጽ በጭንቅላቷ ይዛው ነበር። አልደበቀችውም፤ ከልምዷ ብዛት የተነሳ ሌላ ሰው የማያውቀው ነገር መሆኑን እንኳ የምታስተውልበት ምክንያት አልነበራትም። እሷ ስትወጣ ገጹም አብሯት ወጣ።

ብዙ ዓመት አብረው የቆጠቡ ሰዎች በአንድ ገጽ እጦት ሊለያዩ ተቃርበው ነበር። ዛሬ የምንናገረው ለዚህ ነው።

በአገራችን «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ምክሩ መልካም ነው፤ የምታውቀውን አትፎክርበት፣ ሥራህ ይናገር ማለት ነው። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። ነገር ግን ይህን አባባል ወደ ሥራ ቦታ ስንወስደው ሌላ ትርጉም ይይዛል። የምናውቀውን ሳንናገር፣ ሳንጽፍ፣ ለሌላ ሳናሻግር እንቀራለን። ያው አገር ደግሞ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል። ለማኅበራችን የሚበጀው ሁለቱን አብሮ መያዝ ይመስለናል፤ ለፉከራ ሙያ በልብ ይቆይ፣ ለውርስ ግን በደብተር ይግባ።

ከትምህርት ቤት ይልቅ በሥራ ላይ የተማርነው እንደሚበዛ እኛ በሒሳብ ሙያ ያለን ሴቶች በደንብ እናውቃለን። በኮሌጅ የዲፕሎማ ትምህርት ዴቢትና ክሬዲትን፣ የሒሳብ መዝጊያን፣ የደመወዝ ሠንጠረዥን ተምረናል። ሥራ ላይ ስንገባ ግን ሕጉም አሠራሩም ሲለዋወጥ አየን። ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል፣ ከዚያ በፊት የተመረቁ ታላላቆቻችን በክፍል ውስጥ ያልተማሩትን በጠረጴዛቸው ላይ መማር ነበረባቸው። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሲቋቋምም እንዲሁ ሆነ። ዓለም አቀፉን የሪፖርት ደረጃ መከተል ግዴታ የሆነባቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ብዙ መቶ ገጽ የእንግሊዝኛ ሰነድ ፊታቸው ቀረበ። ያንን የተወጡት አንዷ የገባትን ለሌላዋ በአማርኛ እያስረዳች ነው። ያ ማስረዳት ግን በአብዛኛው በቡና ሰዓት ተወርቶ ቀረ፤ ለቀጣዩ ሠራተኛ አልተላለፈም።

መንግሥትም ቢሆን በሥራ ላይ መማርን ያውቀዋል። ልጆቻችን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሲገቡ «70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ» የሚባለውን ሰምታችኋል። በትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች የሚላኩት ለዚህ ነው። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህም ከጃፓን የመጣው አሠራር በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ገብቷል። በግድግዳ ላይ የተለጠፉትን አምስቱን «ማ»ዎች ያላየ የለም፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የካይዘን ዋና ሐሳብ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ሥራውን ማሻሻልም ይችላል የሚል ነው። ሠራተኞች በትንሽ ቡድን ተሰብስበው ያዩትን ችግርና የሞከሩትን መፍትሔ በሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። በእኛ አስተያየት ከአምስቱ ከባዱ የመጨረሻው፣ ማዝለቅ ነው። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አይዘልቅም።

የምንኖረው ጽሑፍን በሚያውቅ ሐይቅ ዳር ነው። ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ክብራን ገብርኤልን፣ የዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሳሰሉት የጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት ለዘመናት የተጠበቁባቸው ቦታዎች ናቸው። እነዚያን መጻሕፍት የጻፉት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ክብራንን ወደመሳሰሉት ገዳማት ሴት አትገባም። ነገር ግን ከዚሁ ሐይቅ ታሪክ ውስጥ የእኛን ማኅበር ለመሰለ ማኅበር የሚሆን አንድ ምሳሌ አለ። አባሎቻችን ክርስቲያንም ሙስሊምም ስለሆንን የምናነሳው እንደ አካባቢያችን ታሪክ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 እ.ኤ.አ. ተወልደው በ1642 እ.ኤ.አ. ያረፉ እመቤት ናቸው። ባላቸው የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበሩ። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ እሳቸው ያንን ተቃውመው ከቤተ መንግሥት ኑሮ ወጡ፣ መነኮሱ፣ ተሰደዱ። በስደትና ከስደት መልስ በዙሪያቸው የተሰበሰቡትን ሴቶችና ወንዶች በማኅበር አደራጁ፤ በሕይወታቸው ሰባት ማኅበራትን አቋቁመዋል። ብዙዎቹ በጣና አካባቢ ነበሩ። የረጅም ዘመን ጓደኛቸው እኅተ ክርስቶስም ከእሳቸው በኋላ ማኅበሩን መርተዋል። አብረው መብላት፣ ሥራ መከፋፈል፣ የታመመን መጠየቅ፣ የተጣላን ማስታረቅ የዚያ ማኅበር የየዕለት ሥራ ነበር።

ይህን ዛሬ የምናውቀው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. ገድላቸውን በግእዝ ስለጻፈ ነው። እሳቸው ካረፉ 30 ዓመት አልፎ ነበር። ገላውዴዎስ የጻፈው አብረዋቸው የኖሩት የነገሩትን ሰብስቦ ነው። አስቡት፤ የዓይን ምስክሮቹ በዚያን ጊዜ አርጅተዋል። ጽሑፉ ሌላ 20 ወይም 30 ዓመት ቢዘገይ ኖሮ አብረው የበሉት፣ አብረው የተሰደዱት ሁሉ አልፈው፣ ማኅበሩ እንዴት ይተዳደር እንደነበር የሚናገር አይገኝም ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አሜሪካ ውስጥ ታትሟል። በጣና ዳር የነበሩ ሴቶች ሥራቸውን እንዴት ይከፋፈሉ እንደነበር ዛሬ በሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ይነበባል፤ ያወቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ አንድ ሰው ተቀምጦ ስለጻፈው።

ከእኛ ሙያም አንድ እንጨምር። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ባለ ሁለት ጎን የሒሳብ አያያዝ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ በታተመ መጽሐፉ የገለጸው ሉካ ፓቾሊ የተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው። ፓቾሊ አሠራሩን አልፈጠረውም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች ከእሱ በፊት ይሠሩበት ነበር። የእሱ ድርሻ በየሱቁ በልምድ የሚታወቀውን ሰው ሊማርበት በሚችል መንገድ መጻፍ ነበር። ከ500 ዓመት በኋላ እኛም ባሕር ዳር ላይ ተቀምጠን በዚያው መንገድ እንመዘግባለን። ስማቸው የጠፋው የቬኒስ ነጋዴዎች ዕውቀት ለእኛ የደረሰን በደብተር ስለገባ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከወለዱ ጉዳይ በኋላ በንዑስ ኮሚቴያችን አንድ ደብተር ጀመርን። ስሙን «የሥራ ትምህርት ደብተር» አልነው። ሕጉ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ እንጽፋለን። በእያንዳንዱ ጽሑፍ አራት ነገር ይኖራል፤ ቀኑ፣ የገጠመን ነገር፣ ያደረግነው፣ እና ገና ያልገባን ጥያቄ። አራተኛውን እንዳትንቁት። በደብተራችን ውስጥ ብዙ መልስ ያገኘነው አንዷ «ይህ አልገባኝም» ብላ በጻፈችው ሥር ሌላዋ ስትጽፍበት ነው።

ምን እንደሚመስል እንድታዩት ሁለት ገጽ እንጥቀስ።

አንደኛው ስለ ደረሰኝ ነው። አንዲት እህት ታክሱ ያለበት ጠቅላላ ዋጋ 1,150 ብር የሆነ ደረሰኝ ደረሳት። ታክሱ ስንት እንደሆነ ለማወቅ የ1,150ን 15 በመቶ ብታሰላ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል፤ ይህ ልክ አይደለም፣ ምክንያቱም 1,150 ራሱ ታክሱን ይዟል። ትክክለኛው መንገድ 1,150ን ለ1.15 ማካፈል ነው። የዕቃው ዋጋ 1,000፣ ታክሱ 150 ብር ይሆናል። ገጹ ከዚህ አይበልጥም። ከእሷ በኋላ ሥራ የጀመረች ልጅ ግን ይህን ገጽ አንብባ በመጀመሪያው ቀን በትክክል ሠራች።

ሁለተኛው ከሒሳብ ውጪ ነው። እንጀራ ለሆቴል የምታቀርብ አባላችን ደብተሩን አይታ «እኔም ልጻፍ» አለች። እሷ የጻፈችው በክረምት ሊጡ ቶሎ ስለማይቦካ በሐምሌና በነሐሴ አንድ ቀን ቀድማ እንደምታቦካ፣ አብሲቱን መቼ እንደምትጨምር፣ ስንት ኪሎ ጤፍ ስንት እንጀራ እንደሚወጣው ነው። ይህን ለዓመታት በእጇ ታውቀው ነበር። ሲጻፍ ግን ሁለት ነገር ተከተለ። አንደኛ፣ አብራት የምትጋግረው ልጅ እሷ በሌለችበት ቀን መሥራት ቻለች። ሁለተኛ፣ ጽሑፉን ይዘን አብረን ተቀምጠን የአንዱን እንጀራ ወጪ ስናሰላ፣ የማገዶውንና የመብራቱን ድርሻ በዋጋዋ ውስጥ እንዳላስገባች አየች። ከሆቴሉ ጋር አዲስ ዋጋ የተነጋገረችው ያንን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነው።

እዚህ ላይ የጽሑፍ ጥቅም በግልጽ ይታያል። ሰው የሚያውቀውን ሲጽፍ የሚያውቀው ነገር ዋጋ እንዳለው ለራሱም ይታየዋል። ሴቶች በሥራ ቦታ ብዙ ጊዜ «ልምድ የለሽም» እንባላለን፤ ልምዱ ሳይኖረን ቀርቶ አይደለም፣ የምናሳየው ወረቀት ስለሌለን ነው። የዓመት ደብተር የያዘች ሴት ለደረጃ ዕድገት ስትወዳደር ወይም የብቃት ምዘና ስትወስድ ምን እንደሠራች ለማስታወስ አትቸገርም።

ሐሳቡን በየቡድኑ ስናቀርብ የሰማናቸውን ተቃውሞዎችም ሳንሸሽ እናንሳቸው።

«ጊዜ የለንም» የሚለው የመጀመሪያው ነው። እውነት ነው፤ ከሥራ ስንመለስ ቤት ሌላ ሥራ ይጠብቀናል። ስለዚህ ነው ግማሽ ገጽ ያልነው። እኛ የምንጽፈው አርብ ከሰዓት፣ ከሥራ ከመውጣታችን በፊት ባለው ሩብ ሰዓት ነው። ቤት ይዘነው አንሄድም።

«ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደል እሳሳታለሁ» የሚሉ አሉ። ይህ የፈተና ወረቀት አይደለም። ሀ እና ሐ ቢምታታ ወለዱ አይለወጥም። መጻፍ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ ልጃቸው ወይም የቡድን ጓደኛቸው እየሰማች ትጻፍላቸው። ገላውዴዎስም የጻፈው ሌሎች የነገሩትን ነው። በጽሑፉ ሥር የተናጋሪዋ ስም ይቀመጥ፤ ዕውቀቱ የእሷ ነውና።

«በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው፣ በአማርኛ እንዴት ይጻፋል?» የሚሉት የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ዴቢትን ዴቢት፣ ኢንቮይስን ኢንቮይስ ብለን እንጻፈው፤ ማብራሪያው ግን በምናስብበት ቋንቋ ይሁን። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት እዚሁ ዘጌ ነው። በዚያን ጊዜ በአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው አልነበረም። አማርኛ ያንን ከቻለ የደረሰኝ አሠራር አያቅተውም።

ከሁሉ ከባዱ ግን በዝግታ የሚነገረው ነው፤ «የማውቀውን ሁሉ ከጻፍኩ እኔን ምን ያደርጉኛል? በሌላ ሰው ይተኩኛል»። ይህን ስጋት አንንቀውም። ሥራ በማይበዛበት አገር ሰው በሚያውቀው ነገር ራሱን ይጠብቃል። በእኛ በኩል ያየነው ይህ ነው፦ ሥራውን ብቻዋን የምታውቅ ሴት ፈቃድ መውጣት አትችልም፣ ብትታመምም ስልኳ አያርፍም፣ ወደ ተሻለ ቦታም አትዛወርም፤ «እሷ ከሄደች ማን ይሠራዋል?» ይባላልና። ወልዳ የተኛችው መዝገብ ያዣችን በአራስነቷ ስንት ጊዜ እንደተደወለላት እሷው ትንገራችሁ። ቢሆንም አንዲትን ሴት ብቻዋን ጻፊ ማለት ተገቢ አይደለም። ሁሉም የሚጽፍ ከሆነ ማንም አይጋለጥም። ስለዚህ ሐሳባችን ለሁሉም ቡድን እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም።

መጻፍ የሌለበትም ነገር አለ። የደንበኛ ስም፣ የሰው ደመወዝ፣ የይለፍ ቃል፣ የመሥሪያ ቤት ምስጢር፣ የቤት ጉዳይ እዚያ ደብተር ውስጥ አይገባም። ሰውን መክሰሻም አይደለም። «ፋጡማ አጠፋች» ወይም «አበበች አበላሸች» ተብሎ አይጻፍም፤ «እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም እንዲህ ይደረጋል» ተብሎ ይጻፋል። ደብተሩ አንድ ጊዜ ለወቀሳ ከዋለ ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነት የሚጽፍበት አይገኝም። ደግሞም ቀን ሳይጻፍ አይታለፍ። ሕግም ዋጋም ይለወጣል፤ ቀን የሌለው ገጽ ከጊዜ በኋላ ከመጥቀም ይልቅ ያሳስታል።

ከዚህ ተነስተን ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን አንድ የሥራ ትምህርት ደብተር ይክፈት። ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው፤ ከቡድኑ ገንዘብ ይሸፈን። ደብተሩ በሰብሳቢዋ እጅ አይቅር፤ በየሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር።

ሁለተኛ፣ የወለድ ስሌቱ በቀሪ ዕዳ ላይ እንዲሆን ኮሚቴው የወሰነው ከነምሳሌው በአንድ ገጽ ተጽፎ ከመተዳደሪያ ደንባችን ጋር ይያያዝ፤ ጉባኤውም ዛሬ ያጽድቀው። ገጹ አሁን በእጃችሁ በታደለው ወረቀት ጀርባ ላይ አለ። ያልገባችሁ ቦታ ካለ ከስብሰባው በኋላ አብረን እንሥራው።

ሦስተኛ፣ ለዚህ መጽሔታችን በእያንዳንዱ እትም ከደብተሮቹ አንድ ገጽ ይመረጥ። የዓሣ ነጋዴዋ ቀረሶና አምባዛን እንዴት እንደምትለይና እንደምታቆይ፣ ሰፊዋ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ስንት የተማሪ ልብስ እንደምታወጣ፣ የፋብሪካዋ ሠራተኛ የሌሊት ፈረቃን እንዴት እንደምትችለው እናንብብ። ለአንዷ ተራ ነገር የሆነው ለሌላዋ ትልቅ ትምህርት ሊሆን ይችላል።

እናቶች፣ እህቶች፤ በመካከላችን 30 ዓመት የሠሩ አሉ፣ ሥራ የጀመሩ አንድ ወር ያልሞላቸውም አሉ። 30 ዓመት የሠሩት ዛሬ አብረውን ተቀምጠዋል። እነሱ እያሉ እንጠይቅ፣ እንጻፍ። በሚመጣው አርብ ከሰዓት የመጀመሪያውን ግማሽ ገጽ እንጠብቃለን።